ሙቀት የነካውን ሥጋ ስለ መሰየም

በጉበት ወይም በኩላሊት ወይም በሳንባ የበቀለን ዕጢ፣ ሆድን ወይም ደረትን ሳይከፍቱ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየተመለከቱ ቀጭን መርፌ እስከ መካከሉ አድርሰው፣ ከጫፉ በሚነሣ ሙቀት ባለበት ስፍራ መግደል ዛሬ በታላላቅ ሆስፒታሎች የተለመደ ሕክምና ሆኗል። የጥበቡ ጅምር ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በኢጣልያ ሮሲ፣ በአሜሪካም ማክጌሃን የተባሉ ሐኪሞች፣ እያንዳንዳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በሬዲዮ ሞገድ ኃይል የእንስሳትን ጉበት በመርፌ አቃጥለው ያዩትን ጻፉ፤ ማይክሮዌቭና ሌዘር፣ ከውጭ በአንድ ነጥብ ላይ የሚሰበሰብ የድምፅ ሞገድም ለዚሁ ሥራ ይውላሉ። መሣሪያው ይለያይ እንጂ የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ዕጢውን፣ በዙሪያውም ካለው ጤነኛ ሥጋ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ጠርዝ፣ አብሮ ምውት ማድረግ ነው።

የሕዋሳት ሞት በሙቀቱ ልክና በቆይታው ይወሰናል። በ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከ50 እስከ 52 ዲግሪ ግን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ፕሮቲኑ እንደ እንቁላል ነጭ ወዲያውኑ ይረጋል። ከ100 ዲግሪ ካለፈ ግን በሥጋው ያለው ውኃ ይተናል፣ ሥጋውም ይከስላል፣ የከሰለውም የኤሌክትሪኩን መንገድ ስለሚዘጋ፣ መርፌውን ከልክ በላይ ማጋል የሚሞተውን ክልል ያጠብበዋል እንጂ አያሰፋውም። በአቅራቢያው ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የደም ሥር ካለ፣ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በሥሩ አጠገብ ያለው ዕጢ ከሞት ሊያመልጥ ይችላል።

የሕክምናውን ውጤት የመሰየምና የመጻፍ ችግር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የተቃጠለው ስፍራ ተቆርጦ በዓይን ሲታይ መካከሉ ነጭ፣ ዙሪያውም ደም የበዛበት ቀይ ቀለበት ሲሆን፣ በቀዩ ውስጥ የሞተና በሕይወት ያለ ሕዋስ ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። የነጩ ነገር ግን ይበልጥ ያስደንቃል፤ ድንገት የደረሰው ሙቀት የሕዋሳቱን ቅርጽ እንዳለ አጽንቶ ስለሚያስቀረው፣ በተለመደው በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ቀለም ተነክረው በአጉሊ መነጽር የሚታዩት በድኖች ሕያዋን ይመስላሉ፤ እውነቱን የሚገልጠውም የሕዋሱ ኢንዛይም ገና ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን የሚለይ ሌላ ቀለም ነው። እንግዲህ አንዱ ሊቅ ኔክሮሲስ (የሕዋስ ሞት) አገኘሁ፣ ሌላው ሕያው ሕዋስ አየሁ ቢሉ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ሥጋ መናገራቸው ሊሆን ይችል ነበር። በሲቲ ስካን የሚመረምረው ሐኪም ደግሞ ከሁለቱ አንዱንም አላየም፤ ያየው ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የተሰጠው ንጥረ ነገር ያልገባበትን ጥቁር ስፍራ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎች ዕጢውንም የተቃጠለውንም ስፍራ በአንድ ቃል ሌዥን እያሉ ይጽፉ ስለነበር፣ አንባቢው የአንዱን ጥናት ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይቸግረው ነበር።

ይህን ለማቅናት የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥራ ጓድ፣ ጎልድበርግ የተባሉት ሐኪም በመሪ ጸሐፊነት እያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2003ና በ2005 በራዲዮሎጂ መጽሔት የስያሜ ሥርዓት አወጣ፤ በ2014ም አሕመድ የተባሉት ሐኪም ዋና ጸሐፊ ሆነው ታደሰ። የሥርዓቱ መሠረት፣ በእኔ አስተያየት ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው፣ እያንዳንዱ ስያሜ ነገሩን ከመሰከረው መሣሪያ አልፎ እንዳይናገር መከልከሉ ነው። በምስል የታየው የተቃጠለ ክልል ይባላል፤ መርጋት ወይም ሞት የሚባለው ሥጋውን በእጁ ይዞ በመረመረ የፓቶሎጂ ሊቅ ብቻ ነው፤ እርሱም በምን ቀለም እንደ መረመረ አብሮ ይጽፋል። ከሕክምናው በፊት የነበረው ዕጢ የራሱ ስም አለው፤ ከተቃጠለው ክልል ጋር አይቀላቀልም።

ይህ ለሕመምተኛው ቤተሰብም የሚጠቅም ነገር ነው። ጤነኛው ጠርዝ አብሮ ስለሚቃጠል ክልሉ መጀመሪያ ከዕጢው ይሰፋል፤ ልዩነቱን ያልተረዳ ሰው ዕጢው አደገ ብሎ ይደነግጣል። በዙሪያው የሚታየው ቀጭን፣ ወጥና ለስላሳ ብሩህ ቀለበትም ሙቀት ያስነሣው የሰውነት ምላሽ ነው፤ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ቀለበቱ በአንድ ወገን ወፍሮ እንደ ጉብታ ከታየ ግን ያልሞተ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ዳግመኛ ይመረመራል።

ከስያሜዎቹ ሁሉ ለሕዝብ ጆሮ የማይስማማኝ «ቴክኒካዊ ስኬት» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ሥራው በታቀደው መንገድ ተፈጽሞ ክልሉ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን እንጂ መፈወሱን አይናገርም፤ ወረቀቱን የሚያነብ ልጅ ወይም ሚስት ግን ስኬት የሚለውን ቃል አይቶ ደስታውን ይጀምራል። ዕጢው በእርግጥ መጥፋቱን የሚመለከተው ሌላው ስያሜ ውጤታማነት ነው፤ ይህም የሚጻፈው አስቀድሞ በተወሰነ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በኋላ፣ በሚነሣው ምስል ላይ ተመሥርቶ ነው።