የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶችን የሚያግደው ለምንና እንዴት ነው?

እ.አ.አ በጥር 2004 መጀመሪያ ከግብጿ የመዝናኛ ከተማ ሻርም ኤል ሼክ የተነሳ የፍላሽ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በረራ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ባሕር ላይ ወደቀ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 148 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። አብዛኞቹ ከእረፍት ወደ ሀገራቸው የሚመለሱ ፈረንሳውያን ነበሩ።

ከአደጋው በኋላ ግን ሟቾቹ የማያውቁት ነገር ይፋ ሆነ። ስዊዘርላንድ እ.አ.አ በ2002 የዚህን አየር መንገድ አውሮፕላኖች ፈትሻ ባገኘችው የደኅንነት ጉድለት ምክንያት ወደ ሀገሯ እንዳይበሩ ከልክላ ነበር። ክልከላው በጎረቤት ፈረንሳይ ትኬት ለሚቆርጠው ሕዝብ አልተነገረም። የአደጋውን መንስኤ በተመለከተ የግብጽ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ያም ሆኖ የሟች ቤተሰቦች ያነሱት ጥያቄ መልስ የሚሻ ነበር፤ አንዱ ሀገር የከለከለውን አየር መንገድ የሌላው ሀገር ተጓዥ ሳያውቅ ለምን ይሳፈርበታል?

እ.አ.አ በነሐሴ 2005 ደግሞ የፈረንሳይ ግዛት የሆነችው የማርቲኒክ ደሴት ነዋሪዎችን የጫነ የዌስት ካሪቢያን አየር መንገድ አውሮፕላን ቬንዙዌላ ውስጥ ተከስክሶ 160 ሰዎች ሞቱ። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ቁጥር 2111/2005 የተሰኘውን ደንብ አጸደቀ። የመጀመሪያው የታገዱ አየር መንገዶች ዝርዝርም እ.አ.አ በመጋቢት 2006 ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ አየር መንገድ ሲታገድ በሁሉም አባል ሀገራት ይታገዳል፤ ዝርዝሩም ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው።

ዝርዝሩ ሁለት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል ያሉት ወደ ኅብረቱ አባል ሀገራት ፈጽሞ መብረር አይችሉም። እገዳው የመንገደኛ ብቻ ሳይሆን የጭነት በረራንም ይመለከታል። በሁለተኛው ክፍል ያሉት ደግሞ በተወሰኑ አውሮፕላኖች ብቻ እንዲበሩ ይፈቀድላቸዋል።

ውሳኔው የሚሰጠው የአባል ሀገራት የአቪዬሽን ባለሙያዎች የሚገኙበትን ኮሚቴ አስተያየት መሠረት በማድረግ በአውሮፓ ኮሚሽን ነው። ባለሙያዎቹ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በየሀገሩ የሚያደርገውን የቁጥጥር ምዘና ይመለከታሉ። በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚካሄዱ ድንገተኛ ፍተሻዎች ውጤትም ይቀርብላቸዋል። ፈታሾቹ የአብራሪዎችን ፈቃድ፣ የጥገና መዛግብትን፣ የጎማና የአካል ይዞታን፣ የአደጋ ጊዜ መሣሪያዎችንና የጭነት አስተሳሰርን ያያሉ። አየር መንገዱና የሀገሩ ባለሥልጣን ከውሳኔው በፊት ቀርበው የማስረዳት መብት አላቸው።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው አንዳንድ ጊዜ የአንድ ሀገር አየር መንገዶች በሙሉ በጅምላ መታገዳቸው ነው። ነገሩን ለመረዳት የተሽከርካሪን ዓመታዊ ምርመራ ማሰብ ይቻላል። መርማሪው ፍሬኑን ሳያይ ቦሎ የሚሰጥ ከሆነ፣ በመስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዋጋ ያጣል። መኪናውን በሚገባ የሚያስጠግነው ባለንብረት እንኳ በዚያ ወረቀት ሊታመን አይችልም። በአቪዬሽንም እንዲሁ ነው። ለአውሮፕላኑም ሆነ ለአብራሪው ብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የየሀገሩ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው። ተቆጣጣሪው በቂ ባለሙያ ከሌለው ወይም በነጻነት መሥራት ካልቻለ የሚሰጠው ማረጋገጫ ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል።

እ.አ.አ በሰኔ 2025 በወጣው ዝርዝር 169 አየር መንገዶች ታግደዋል። ከእነዚህ ውስጥ 142ቱ የታገዱት በ17 ሀገራት ያለው የደኅንነት ቁጥጥር በቂ ሆኖ ባለመገኘቱ ነው። ከኢትዮጵያ ጎረቤቶች የሱዳን፣ የጅቡቲና የኤርትራ አየር መንገዶች በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ከምሥራቅ አፍሪካ ታንዛኒያም ተጨምራለች። በመጀመሪያ እ.አ.አ በታኅሣሥ 2024 ኤር ታንዛኒያ ብቻ ታገደ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሠለጠነ የሰው ኃይል እጥረትና የክትትል ድክመት በመታየቱ እገዳው የሀገሪቱን አየር መንገዶች በሙሉ አዳረሰ።

አሠራሩ ቅሬታም ያስነሳል። የአፍሪካ አየር መንገዶች እገዳው ስማቸውን እንደሚያጎድፍ፣ ደንበኛም ወደ አውሮፓ ተፎካካሪዎች እንደሚያሸሽ ሲናገሩ ቆይተዋል። ወደ አውሮፓ በረራ የሌለው ትንሽ አየር መንገድ ሳይቀር በሀገሩ ተቆጣጣሪ ድክመት ስሙ ይሰፍራል። የታገደ አየር መንገድ ካልታገደ ድርጅት አውሮፕላን ከነአብራሪው ተከራይቶ መሥራት ቢችልም ወጪው ከባድ ነው።

ከዝርዝሩ መውጣት ግን ይቻላል። የኢንዶኔዥያ አየር መንገዶች በተከታታይ ከደረሱ አደጋዎች በኋላ እ.አ.አ በ2007 በሙሉ ታግደው ነበር። ጋሩዳን ጨምሮ ጥቂቶቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈቀደላቸው፤ እገዳው በሁሉም ላይ የተነሳው ግን እ.አ.አ በ2018 ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት የዘለቀው እገዳ የተዳከመ ቁጥጥርን መልሶ ማቋቋም ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ያሳያል።

በዝርዝሩ ውስጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የለም። ይህ በትኬት ከሚጓዘው ሰው አልፎ አምራቹንም ይመለከታል። በሆለታ፣ በዝዋይና በባሕር ዳር ዙሪያ የሚለማው አበባ በቀናት ውስጥ አውሮፓ ገበያ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ የሚደርሰውም በአየር ነው። በሠራተኛው ደመወዝና በአልሚው ገቢ ላይ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው ሥራ ድርሻ አለው ማለት ነው።

የአየር መንገድ እገዳን ከአውሮፕላን ዓይነት እገዳ መለየትም ያስፈልጋል። መጋቢት 1/2011 ዓ.ም በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ላይ አደጋ ደርሶ 157 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የአውሮፓ ተቆጣጣሪ በሁለተኛው ቀን ያገደው ቦይንግ 737 ማክስ የተባለውን የአውሮፕላን ዓይነት ነው። እገዳው አውሮፕላኑን የሚያበሩ ድርጅቶችን ሁሉ የሚመለከት እንጂ በአንድ አየር መንገድ ላይ የተጣለ አልነበረም።

ለተጓዥ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ በትክክል የሚያበረው ማን ነው? በትኬቱ ላይ የአንድ አየር መንገድ ስም ተጽፎ በረራውን ሌላ ድርጅት ሊያከናውነው ይችላል። በደንቡ መሠረት ከአውሮፓ ኅብረት የሚነሳ ጉዞ ትኬት የሚሸጥ አካል በራሪውን ድርጅት ለመንገደኛው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ አየር መንገዱ ቢታገድና በረራው ቢሰረዝ፣ መንገደኛው ገንዘቡ እንዲመለስለት ወይም በሌላ በረራ እንዲሄድ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ በአውሮፓ ያለ ልጅ ወይም ዘመድ ትኬት ሲገዛ፣ በተለይ መሸጋገሪያ በረራ ካለው፣ የበራሪውን ስም ጠይቆ የአውሮፓ ኮሚሽን በድረ ገጹ በነጻ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ቢያመሳክር ይጠቀማል። በዝርዝሩ ላይ አለመኖር ብቻውን ለደኅንነት ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ዝርዝሩ ላይ መኖር ግን ከመሳፈር በፊት ሊታወቅ የሚገባ ማስጠንቀቂያ ነው።