የመጻሕፍት ጠባቂው አዲስ ትምህርት

ለቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚታጨው ተማሪ መጻሕፍትን በየዘርፋቸው መመደብንና መዝግቦ መጠበቅን ብቻ ተምሮ ቢወጣ፣ አንባቢው ጥያቄውን በፌስቡክና በቴሌግራም በሚያቀርብበት በዚህ ዘመን፣ የሙያው እኩሌታ ተሰውሮበት ይቀራል።

ይህን አስቀድመው ከተገነዘቡት አንዱ፣ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የሻርሎትና የመክለንበርግ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የቴክኖሎጂ ኃላፊዋ ሄለን ብሎወርስ «23 ነገሮች» በመባል የታወቀውን መርሐ ግብር አዘጋጁ። ሠራተኛው መምህር በፊቱ ሳይቆም፣ የራሱን ብሎግ ከፍቶ የተማረውን እየመዘገበ፣ በፍሊከር ፎቶግራፍ ማካፈልን፣ በዊኪ በኅብረት መጻፍን፣ ፖድካስት ፈልጎ ማድመጥን አንድ በአንድ በእጁ እየሞከረ እንዲማር ያደረገው ይህ ዘዴ፣ ዕውቀት በሰሚዕ ብቻ ሳይሆን በገቢር እንደሚጸና በግልጥ ስላሳየ፣ በሌሎች አህጉራት ወደሚገኙ ቤተ መጻሕፍትም ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ማወቅ የትምህርቱ መቅድም እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ በመሣሪያው የሚሠራጨውን ወሬ መመርመርም ይከተላል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ የእውነታ አጣሪው የፋክትቼክ ድርጅት ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ሐሰተኛ ዜናን ለመለየት 8 ምክሮችን በአንድ ሥዕላዊ ገጽ ሲያወጣ፣ ምንጩን መመርመርን፣ ከርእሱ አልፎ ማንበብን፣ የጸሐፊውን ማንነትና ዕለቱን ማጣራትን፣ የገዛ ራስን አድልዎም መፈተንን ከዘረዘረ በኋላ፣ በመጨረሻው ምክር አንባቢውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይመራዋል። እንግዲህ ሕዝብ አማናዊ ዳኛ አድርጎ የሚጠይቀው ሰው፣ ወሬው የሚወለድበትንና የሚባዛበትን መድረክ ጠንቅቆ ሳያውቅ እውነትን ከሐሰት ሊለይ አይችልምና፣ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች ትምህርት በቤተ መጻሕፍት ሙያ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ በምርጫ የሚወሰድ ሳይሆን ግዴታ ሊሆን ይገባዋል።