ብስኩትና ቆሎ በአንድ ምሳ ዕቃ ገበያ

መስከረም ሲጠባ የደብተር፣ የቦርሳና የምሳ ዕቃ ገበያ እንደሚደራ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ምሳ ዕቃው በዓመት አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ በውስጡ የሚገባው ግን በየትምህርቱ ቀን የሚገዛ ሸቀጥ ነው፡፡ የትምህርት ዘመኑን በግምት 200 ቀን ብንለው፣ አንድ ተማሪ 200 ጊዜ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው ማለት ነው፡፡ ለመሆኑ ይህን ደንበኛ የያዘው ማን ነው?

በትምህርት ቤት ደጃፍ ያሉትን ሱቆች መደርደሪያ ያየ ሰው መልሱን ለማግኘት አይቸገርም፡፡ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ነው፡፡ ነገሩ በደብረ ታቦር ሲሆን ደግሞ ያስገርማል፡፡ ከተማዋን ቁልቁል በሚመለከተው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጉና ተራራ ዙሪያ ገበሬው ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና ድንች ያመርታል፡፡ ወደ ወረታ ሲወረድ የፎገራ ሜዳ ሽምብራውንና በወተቷ የታወቀችውን የፎገራ ላም ይዞ ይጠብቃል፡፡ የምሳ ዕቃው መሙያ በደጅ እያለ ካርቶኑ ከሩቅ በጭነት መኪና ዳገቱን ይወጣል፡፡

ታዲያ ብስኩት ስለምን ያሸንፋል? ጣዕሙ ብቻ አይደለም፡፡ ተቆጥሮ ይረከባል፤ ታሽጎ ለወራት ይቀመጣል፤ ቸርቻሪውም የአንዱን ትርፍ ገና ሳይሸጥ ያውቀዋል፡፡ ቆሎ በአንጻሩ በስኒና በብርጭቆ የሚሰፈር፣ ስምም ማሸጊያም የሌለው፣ በአብዛኛው የጉልት ሴቶች ንግድ ነው፡፡ እናት ጠዋት ስትቻኮል እጇ የሚዘረጋው ወደ ታሸገው ነው፤ በዚህም ልትወቀስ አይገባም፡፡

ይሁን እንጂ በብስኩቱ ዋጋ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ወጪ አለ፡፡ ይኸውም የጥርስ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በጎንደር ከተማ ከ7 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 842 ልጆች መርምሮ 36.3 በመቶ የሚሆኑት የተቦረቦረ ጥርስ እንዳላቸው አመልክቷል፡፡ ከሦስት ልጆች አንዱ ማለት ነው፡፡ የማስነቀያውን ወይም የማስሞያውን ሂሳብ፣ ልጁ በሕመም የሚቀርበትን የትምህርት ቀንና ወላጅ ከሥራ የሚቀርበትን ጊዜ ስንደምር፣ ርካሽ የተባለው መክሰስ ርካሽ አይሆንም፡፡

ጉዳቱ የሚደርሰው እንዲህ ነው፡፡ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ያሟሟል፤ ምራቅ ይህን ለማርገብ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበታል፡፡ ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል፡፡ በቀን አራት ጊዜ አንድ አንድ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ጥርሱን ለሁለት ሰዓት ያህል በአሲድ ይነክራል፡፡ አራቱን ከምሳው ጋር በአንዴ ቢበላቸው ጉዳቱ ይቀንስ ነበር፡፡ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ክሬም ያለው ብስኩትም ከከረሜላው እምብዛም አይሻልም፡፡

የለስላሳው ሂሳብ ደግሞ ቀላል ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከስኳር የሚገኝ ኃይል ከዕለቱ 10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል፡፡ በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ ጣሪያው 40 ግራም ነው፡፡ ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ የኮላ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ይዟል፡፡ ማርስ? የፎገራና የጉና ማር የሚኮራበት ቢሆንም በመመሪያው ከስኳር ተራ ተቆጥሯል፤ የፍራፍሬ ጭማቂም እንዲሁ፡፡ በወተት ውስጥ ያለው ስኳር ግን አልተቆጠረም፡፡

ስለዚህ በዚህ አገር የሚሻለው ምሳ ዕቃ እንግዳ ነገር አይፈልግም፡፡ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ የተቀቀለ ድንች፣ የባቄላ ወይም የሽምብራ ንፍሮ፣ ለመክሰስ የገብስ ቆሎ፣ ለመጠጥ ውኃ፡፡ ቆሎ ማኘክ ምራቅ ያመነጫል፡፡ አይብና ወተት ካልሲየም ይሰጣሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት ንፍሮው ቦታቸውን ይይዛል፡፡ ለአጸደ ሕፃናት ልጆች ግን ደረቅ ቆሎ ስለሚያንቅ ድንቹ ይሻላል፡፡ በስኳር የታሸ ዳቦ ቆሎም በስሙ ብቻ ቆሎ ነው፡፡

ለነጋዴው የሚቀረው ጥያቄ ማሸግ ነው፡፡ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች የታሸገ ቆሎ ከተለመደ ቆይቷል፡፡ ገብሱ ባለበት በደብረ ታቦር ቆልቶ፣ በ50 ግራም መጠን አሽጎ፣ በካርቶን ለቸርቻሪ የሚያስረክብ ሰው ከብስኩቱ ጋር በአንድ መደርደሪያ ሊሰለፍ ይችላል፡፡ የቆይዎቹ ሴቶችም ከጉልት ወደ አቅራቢነት ይሸጋገራሉ፡፡ ሁለት ነገር ግን ጥብቅ ቁጥጥር ይሻል፡፡ አንደኛው ጓያ ነው፤ አዘውትሮ ለወራት የተበላ ጓያ እግር ስለሚያሽመደምድ፣ ለልጅ በሚሸጥ ቆሎ ውስጥ ለማብዣ መደባለቅ የለበትም፡፡ ሁለተኛው ጠጠር ነው፤ በደንብ ያልተለቀመ ቆሎ ስኳር ያልነካውን ጥርስ ይሰብራል፡፡