የዘገየ መልእክትና የቤት ራውተር

የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ከባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የላከው መልእክት አንዳች ድምፅ ሳያሰማ ውሎ፣ ባለቤቱ ስልኩን አንሥቶ በከፈተበት ቅጽበት የግማሽ ቀኑ መልእክት ሁሉ በአንድነት ሲጎርፍ፣ ብዙ ሰው በደሉን በስልኩ ላይ ጭኖ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። ሆኖም ስልኩ ንጹሕ፣ በደለኛው ግን በመደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ራውተር የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

መተግበሪያው ሁሉ በየደቂቃው እየነቃ መልእክት መኖሩን ቢጠይቅ ባትሪው ፈጥኖ ያልቅ ነበርና፣ የአንድሮይድ ስልክ ከጎግል፣ አይፎን ከአፕል ሰርቨር ጋር አንድ የጋራ መሥመር ከፍቶ ይኖራል፤ የየመተግበሪያው ኖቲፊኬሽንም በዚያው ይመጣል። የፊተኛው በአብዛኛው በ5228፣ የኋለኛው በ5223 ፖርት የሚሄደው ይህ መሥመር፣ ስልኩ አልፎ አልፎ ህልውናውን ከሚያስታውቅበት አጭር ምልክት በቀር፣ ጊዜውን በጽሞና ያሳልፋል።

ችግሩ የሚወለደው ከዚህ ጽሞና ነው። በቤት ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ የውጭ አድራሻ እንዲገለገሉ የሚያደርገው ራውተር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር በመዝገብ እየጻፈ፣ እንደ ቤተ መንግሥት አጋፋሪ፣ ስሙ ያልሰፈረውን መጪ ከደጅ ይመልሳል፤ መዝገቡም ጠባብ ስለ ሆነ፣ ብዙ ዝም ያለውን ግንኙነት እንደ ሞተ ቆጥሮ ይፍቀዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት መሐንዲሶች ደንብ ይህ ትዕግሥት ከ124 ደቂቃ እንዳያንስ ቢያዝም፣ ጎግልም ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሆን ቢመክር፣ በጥቂት ደቂቃ የሚፍቁ ራውተሮች አሉ። ከሁሉ የሚከፋው፣ መሥመሩ መቋረጡን ራውተሩ ለስልኩም ለሰርቨሩም ሳይነግር መቅረቱ ነው፤ ስልኩ እንደ ተገናኘ አምኖ ይተኛል፣ ሰርቨሩ ይልካል፣ መልእክቱም ስልኩ ዳግመኛ እስኪናገር ድረስ ሳይደርስ ይቆያል።

እንግዲህ በደለኛውን ለመለየት ዋይፋዩን ዘግቶ፣ በሞባይል ዳታ፣ ስልኩ ሳይነካ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሌላ ሰው መልእክት እንዲልክ ማድረግ፣ ቀጥሎም ይህንኑ በዋይፋይ መድገም ነው። በሁለቱም ከዘገየ የስልኩን የባትሪ ቁጠባ መመርመር ይገባል፤ በዋይፋይ ብቻ ከዘገየ ግን ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ካልበጀም ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 በሚባለው አድራሻ ወደ ማስተካከያው ገጽ ገብቶ፣ የእንዲህ ያለው መሥመር ማለትም የቲሲፒ (TCP) ግንኙነት የሚቆይበት ጊዜ ከተጻፈ ደንቡ ወዳዘዘው 124 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 7440 ሴኮንድ ማሳደግ፣ ፋየርዎሉም የተጠቀሱትን ፖርቶች ወደ ውጭ እንዳይከለክል ማረጋገጥ ነው። ማስታወቂያ የሚያግድ አገልግሎት ቢኖር፣ ይህንንም መሥመር አግዶ እንዳይሆን ለጊዜው ይነሣ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንባቢዬን አጥብቄ የምማጸነው ነገር አለ፦ ችግር ይፈታልኛል ብለው ፋየርዎሉን ፈጽመው አያጥፉ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፖርትም አይክፈቱ፤ መሥመሩን የሚከፍተው ከውስጥ ያለው ስልክ ነውና፣ ለኖቲፊኬሽን ሲባል የቤቱን በር ለውጭ ሰው መክፈት አያስፈልግም።