ሙቀት ሲጠና ሴሎቻችን ምን ያደርጋሉ?

ከደጋ ወርዶ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ሽንኩርት ሊኮተኩት የመጣ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ያመዋል፤ ረፋዱ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። አጠገቡ የሚኮተኩተው የራያ ልጅ ግን ገና አልደከመም። «ቆላው እስኪለምደው ነው» ይባላል። አባባሉ ልክ ነው፤ ከመልመዱ ሥራ ከፊሉ የሚካሄደው በሴሎች ውስጥ ነው።

የሴልን ሥራ አብዛኛውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ሲታጠፍ ነው። ሙቀት ሲጠና እጥፋቱ ይፈታል፤ የተፈቱትም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። መጥበሻ ላይ የእንቁላል ነጩ የሚረጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሴሉ እዚያ እንዳይደርስ ተጠባባቂ አለው፤ ኤችኤስኤፍ 1 ይባላል። በደኅናው ጊዜ ሌሎች ፕሮቲኖች ይዘውት ይቀመጣል። እነሱ ቅርጻቸው የተበላሸባቸውን ለመርዳት ሲሄዱ ይለቀቃል፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ይጣመርና ኒውክለስ ውስጥ ዲኤንኤው ላይ ያርፋል። ያኔ ኤችኤስፒ 70ን የመሰሉ ፕሮቲኖች በብዛት መመረት ይጀምራሉ። ኤችኤስፒ 70 የተፈታውን ፕሮቲን ተጣባቂ ክፍል ይይዛል፤ ኃይል አውጥቶ ይለቀዋል፤ እንደገና የመታጠፍ ዕድል ይሰጠዋል። የማይድነው ምልክት ተደርጎበት ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩ ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ይውላል።

ነገሩ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍሬ ዝንቦችን ሲያጠና ባልደረባው የማሞቂያውን ዲግሪ ከፍ አደረገበት፤ የክሮሞሶሞቹ መልክ ተለወጠ፤ ለውጡ ኤችኤስፒ 70ን የመሰሉ ፕሮቲኖች መመረት መጀመራቸውን የሚያመለክት ነበር። ውጤቱን በ1962 እ.ኤ.አ. ከማሳተሙ በፊት አንድ ታዋቂ መጽሔት ፋይዳ የለውም ብሎ መልሶበት ነበር! ዛሬ የእነዚህ ፕሮቲኖች ዘመዶች በራያ ማሽላም በግመሉም ውስጥ እንዳሉ ይታወቃል።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ላብ ቶሎ መምጣት ይጀምራል፣ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ በሴሎቹም የኤችኤስፒ 70 ክምችት ከፍ ይላል። ክምችቱ ግን ውኃና ጥላን አይተካም፤ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ የሴሎቹ ጥገና ከጉዳቱ ጋር መራመድ ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ አሠሪዎች፣ ከደጋ ለወረደ አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ ቀለል አድርጉለት፤ ማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ ያቁም። ሰው በሙቀት መሐል ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።