ስሌቱ ልክ ነው፤ ታሪኩስ?

መምህራን ተማሪን ለማበርታት፣ ወላጆች ልጅን ለማጽናናት የሚያወሯቸው የሒሳብ ታሪኮች ጥቂት አይደሉም። አንስታይን በሒሳብ ወድቋል ይባላል። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በልጅነቱ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች በቅጽበት ደምሮ መምህሩን ጉድ አሰኝቷል ይባላል። ኢትዮጵያውያን በጉድጓድና በጠጠር ያባዙ ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲያጋጥም ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ መጠየቅ ይበጃል፦ ስሌቱ ልክ ነው? ነገሩስ በእርግጥ ተፈጽሟል? የመጀመሪያውን ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ማረጋገጥ ይችላል። ለሁለተኛው ግን ሰነድ ወይም ምስክር ያስፈልጋል።

የአንስታይኑ ወሬ ሰነድ ፊት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1896 በስዊዘርላንድ አራው ከተማ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ ከፍተኛው ነጥብ 6 ነበር፤ እሱም በአልጀብራም በጂኦሜትሪም 6 አግኝቷል። ዝቅ ያለው በፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ በፊት በ1895 የዙሪክ ፖሊቴክኒክን የመግቢያ ፈተና አለማለፉ እውነት ነው፤ ሆኖም በዚያም ፈተና በሒሳብና በፊዚክስ ጎበዝ ነበር። በሒሳብ የደከመን ልጅ በዚህ ወሬ ማጽናናት ሐሰትን ማውረስ ነው።

የጋውስ ታሪክ ግን ሥር አለው። ጋውስ በ1855 ካረፈ በኋላ ወዳጁ ሳርቶሪየስ ፎን ቫልተርስሃውዘን በ1856 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። እንደ ጻፈው ከሆነ፣ መምህር ቡትነር ለክፍሉ የድምር ጥያቄ ሰጡ። ቀድሞ የጨረሰ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ የሌሎቹ ከላይ ይደረባል። ትንሹ ጋውስ ወዲያው ሰሌዳውን አኖረ። ኋላ ሲታይ በላዩ የተጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱም ትክክል። ጋውስ ይህን በስተርጅናው ደጋግሞ በደስታ ያወራው እንደነበር ወዳጁ መስክሯል።

“ከ1 እስከ 100” የሚለው ግን እዚያ የለም። ሳርቶሪየስ የትኞቹ ቁጥሮች እንደተሰጡም፣ ልጁ በምን ዘዴ እንደደመረም አልጻፈም። የሒሳብ ሊቁ ኤሪክ ቴምፕል ቤል በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ለምሳሌ ያህል ከ81,297 ተነስቶ በ198 እየጨመረ እስከ 100,899 የሚሄድ 100 ቁጥሮችን አቀረበ። ይህንኑ እንሞክረው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሲደመሩ 182,196 ይሆናሉ። ሁለተኛውና ከመጨረሻው ቀድሞ ያለውም ድምራቸው ያው ነው፤ አንዱ በ198 ሲጨምር ሌላው በ198 ይቀንሳልና። እንዲህ ያሉ 50 ጥንዶች ስላሉ መልሱ 50 ጊዜ 182,196፣ ማለትም 9,109,800 ነው። ዘዴው እንከን የለውም። የልጁን ጭንቅላት ያዩ አስመስለው ቁጥሮቹንና ዘዴውን የጨመሩት ግን ከሳርቶሪየስ በኋላ የመጡ ተራኪዎች ናቸው።

በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት “የኢትዮጵያውያን ማባዛት” የሚባለው ታሪክ ደግሞ እኛኑ ይመለከታል። አንድ የውጭ አገር መኮንን ሰባት በሬ በ22 በ22 ጠገራ ብር ሊገዛ ይፈልጋል። ሒሳቡን እንዲሠራ ቄስ ይጠራል፤ ቄሱም መሬት ላይ እንደ ገበጣ በሁለት ረድፍ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጠጠር ይደረድራል። በግራው ረድፍ 7ን ለሁለት እየከፈለ፣ ትራፊውን እየጣለ 7፣ 3፣ 1 ይላል። በሌላው 22ን እያጠፈ 22፣ 44፣ 88 ይላል። በግራ ያለው ቁጥር ተጋማሽ ከሆነ ያ መስመር ይሰረዛል፤ እዚህ ግን ሁሉም ጎዶሎ ስለሆኑ 22፣ 44 እና 88 ተደምረው 154 ይሆናሉ። በሬዎቹ ስድስት ቢሆኑ ኖሮ ግራው 6፣ 3፣ 1 ነው፤ የ6 መስመር ይሰረዝና 44 እና 88 ተደምረው 132 ይሰጣሉ።

ዘዴው ሁልጊዜ የሚሠራበት ምክንያት አለው። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ከ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና እየታጠፉ ከሚቀጥሉት መርጦ በመደመር ይገኛል፤ 7 ማለት 1፣ 2 እና 4 ነው። ለሁለት መክፈሉ የትኞቹን መምረጥ እንዳለብን ይነግረናል። ኮምፒዩተርም ቁጥር የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። የግብፁ ጸሐፊ አህሜስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በገለበጠው ፓፒረስ ላይም በማጠፍ የማባዛት ስሌት ይገኛል። በሌላ በኩል ይኸው ዘዴ “የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት” እየተባለም ይጠራል።

እንግዲህ ስሌቱ ተረጋግጧል። መኮንኑ ግን ማን ነው? ገበያው የት ነው? ቄሱስ? ታሪኩ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲተላለፍ እነዚህን አይዝም። ስለራሳችን የተነገረ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ብቻ ምስክር ሳንጠይቅ ልንቀበለው አይገባም፤ አገር ቤት ሳንጠይቅም ልንጥለው አይገባም። ስለዚህ በጠጠር ወይም በእህል ፍሬ እያጠፉ ሲያሰሉ ያዩ አዛውንት በቅርባችሁ ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ማን እንዳስተማራቸውና አሠራሩን ደረጃ በደረጃ መዝግቡ። ለዚህ ታሪክ የጎደለው ይህ ብቻ ነው።