ኤደን አለነና የቴሌቪዥኑ ሚዛን

በቀድሞው ጊዜ ዘፋኝ ለመሆን የሚመኝ ወጣት በቲያትር ቤትና በኦርኬስትራ በር ላይ ደጅ መጥናት ነበረበት። ጥላሁን ገሠሠ በአገር ፍቅር ቲያትርና በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል እንዳለፈ አንባቢ ያውቃል። ዛሬ ግን በብዙ አገር ደጁ የቴሌቪዥን መስኮት ሆኗል፤ በረኛውም ስልኩን በእጁ ይዞ ከቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ነው። ለመሆኑ ይህ አዲስ በር ለሚገባበት ወጣት ምን ይሰጠዋል? ምንስ ይነሣዋል? ለዚህ ጥያቄ የወይዘሪት ኤደን አለነ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ኤደን በ2000 ዓ.ም. ሜይ 7 ቀን በኢየሩሳሌም ከተማ ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በእስራኤል የሚኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከ150 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከወላጆች ትውልድ ብዙው የሄደው በ1984ና በ1985 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ኋላም በ1991 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን በተጓዘበት ዘመቻ ነበር። ከዚህ ሕዝብ መካከል በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር አሸናፊ ሆና የወጣችው የመጀመሪያዪቱ ኤደን አይደለችም፤ በ2011 ዓ.ም. የስዴሮት ከተማ ልጅ የሆነችው ሐጊት ያሶ «ኮከብ ተወለደ» በተባለው ውድድር ድል አድርጋ ነበር።

ኤደን «ኤክስ ፋክተር» በተባለው ውድድር በ2018 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ስታሸንፍ ገና 17 ዓመቷ ነበር። ከዳኞቹ አንዷ ሺሪ ማይሞን ነበረች፤ እርሷም ራሷ በዘፈን ውድድር ታውቃ በ2005 ዓ.ም. በዩሮቪዥን ለእስራኤል 4ኛ የወጣች ናት። እንግዲህ የትናንቷ ተወዳዳሪ የዛሬዋን ተወዳዳሪ ስትመዝን ታየች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወጣቱ አንባቢ «ልጅቱ አሸነፈች፤ ነገሩ አለቀ» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን አላለቀም። በእንዲህ ያለው ውድድር ተወዳዳሪው በአብዛኛው የሚዘፍነው ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ያስወደዱትን ዘፈን ነው። የተውሶ ቀሚስ ለብሳ በሠርግ ቤት ያማረች ልጅ፣ በማግሥቱ ቀሚሱን ለባለቤቱ ስትመልስ ለገበያ የምትለብሰውን ከየት ታመጣለች? ተመልካቹ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ሥራው ሄዷል፤ የቴሌቪዥኑ ድርጅት ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ሌላ አሸናፊ ያዘጋጃል። ፈተናውን በማለፍና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በመሥራት መካከል ያለውን ርቀት አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የአንድ ውድድር አክሊል የደፋችው ኤደን ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላ በሌላ ውድድር ተራ ገብታ ብንመለከታት የሚያስደንቅ አይሆንም። በእኔ አስተያየት ይህ ከመጀመሪያው ድል ይልቅ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ ያሸነፈ ሰው ዳግመኛ ሲቀርብ የሚያገኘው ክብር ትንሽ፣ ሊያጣ የሚችለው ግን ብዙ ነውና።

ይህ ሁለተኛው ውድድር «ቀጣዩ ኮከብ» ይባላል። ዘፋኙ ከአንድ ትልቅ የመጋረጃ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ ይጀምራል፤ ተመልካቹም በስልኩ ይፈርዳል፤ ድጋፉ 70 ከመቶ ሲደርስ ግድግዳው ይነሣል። በዚያን ጊዜ የዚህ ውድድር አሸናፊ እስራኤልን ወክሎ ወደ ዩሮቪዥን ይሄድ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ዩሮቪዥንን ያሸነፈችው ኔታ ባርዚላይም በዚሁ በር ነበር የወጣችው።

ኤደን በ2020 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 4 ቀን አሸነፈች። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በጁን መጨረሻ፣ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት በሥራ ሰዓት ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት በመሞቱ፣ የማኅበረሰቡ ወጣቶች በየከተማው መንገድ ዘግተው በቁጣ ጮኸው ነበር። ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ያው አገር የዚያው ማኅበረሰብ ልጅ በአውሮጳ ፊት እንድትዘፍንለት መረጠ። ሁለቱ ነገሮች እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

በማርች 3 ቀን ከአራት ዘፈኖች መካከል የኤደን ዘፈን ተመረጠ። ርእሱ «ፍቅር ልቤ» ነው። ደራሲዎቹ ዶሮን መዳልየና ኢዳን ራይኸል ናቸው፤ ራይኸል ከብዙ ዓመት ጀምሮ የአማርኛን ዜማ ለእስራኤል ጆሮ ያስለመደ ሰው ነው። ግጥሙ በእንግሊዝኛ ሆኖ አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ዓረብኛ ጣልቃ ይገቡበታል። አማርኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ሰው «የልቤ ፍቅር» ማለት ይቀናው ይሆናል፤ ሆኖም በአገባቡ ፈገግ እያለም ቢሆን በዚያ መድረክ ቋንቋውን ለመስማት መጓጓቱ አይቀርም ነበር።

በ15ኛው ቀን፣ በማርች 18፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በሮተርዳም የታሰበው ውድድር ተሰረዘ። ዩሮቪዥን በ1956 ዓ.ም. በስዊዝ አገር በሉጋኖ ከተማ በሰባት አገሮች ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። ከሁለት ቀን በኋላም የ2020 ዘፈኖች ለሚመጣው ዓመት እንደማያገለግሉ ተነገረ። የእስራኤል ቴሌቪዥን ኤደንን በወኪልነቷ አጸናት፤ «ፍቅር ልቤ» ግን ቀረ። ሕዝቡ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ለዘፋኟ፣ አንድ ጊዜ ለዘፈኑ፣ የሰጠው ድምፅ ግማሹ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

በ2021 ዓ.ም. አዲስ ዘፈን ተመረጠላት፤ ስሙ በአማርኛ «ነፃ አውጣኝ» እንደ ማለት ነው። አማርኛ አልነበረበትም። በሮተርዳም 39 አገሮች ተሰለፉ፤ በአዳራሹ እንዲገባ የተፈቀደለት ሕዝብ 3,500 ብቻ ነበር። ኤደን በዘፈኗ መጨረሻ ላይ እንደ ፉጨት የቀጠነና እጅግ ከፍ ያለ ድምፅ አወጣች፤ በውድድሩ ታሪክ ከተሰማው ሁሉ ከፍተኛው ነው ተብሎም ተነገረላት። ማጣሪያውን አልፋ በሜይ 22 ቀን በመጨረሻው ምሽት ከ26 ዘፋኞች 17ኛ ወጣች። ካገኘችው 93 ነጥብ አብላጫውን የሰጧት የሙያ ዳኞች ናቸው፤ በአገሯ ግድግዳውን ያነሣላት ዓይነት ተመልካች በአውሮጳ አልተገኘላትም። በዚያ ምሽት 21 ዓመት ከሞላት ገና 15 ቀኗ ነበር።